አወዳዳሪ ቅጽልን ከሠንጠረዥ አውጥተን እናስተምር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት መዳከም በጋዜጣችሁ የሚወጡትን አስተያየቶች በትኩረት እከታተላለሁ። ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው የሚያነሡት የመጻሕፍትን እጥረት፣ የክፍሎችን መጨናነቅ፣ የመምህራንን የዝግጅት ማነስና የተማሪዎችን ፍላጎት መቀዝቀዝ ሲሆን፣ አንዱም ከእውነት የራቀ አይደለም። እኔ በጎንደር ከተማ ቀን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ማታ ደግሞ ሥራ ላይ ለሚገኙ ጎልማሶች እንግሊዝኛ የማስተምር እንደመሆኔ፣ ጉዳዩን በጅምላ ከማየት ይልቅ በአንድ የሰዋስው ርእስ ወስኜ ማሳየት መርጫለሁ። ርእሱ አወዳዳሪ ቅጽል ነው። ትንሽ ርእስ ቢመስልም፣ የማስተማሪያ መንገዳችን ከተማሪው አንደበት ምን ያህል እንደራቀ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘሁም።

አንዱን ነገር ከሌላው አስተያይቶ ይበልጣል፣ ያንሳል፣ ይሻላል፣ ይከፋል ማለት ሰው ሲገበያይ፣ ሲመክር፣ ሲከራከርና ሲመርጥ ዘወትር የሚያደርገው ነገር ነው። በትምህርት ቤትም ቢሆን ጉዳዩ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። እንግሊዝኛ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲሰጥ ይቆይና ቢዘገይ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሌሎቹ ትምህርቶች ማስተማሪያ ይሆናል። ያን ጊዜ ተማሪው በኬሚስትሪ የሁለት ብረቶችን የመቅለጫ ሙቀት፣ በጂኦግራፊ የሁለት አካባቢዎችን የዝናብ መጠን፣ በታሪክ የሁለት መንግሥታትን ጥንካሬ በእንግሊዝኛ እንዲያወዳድር ይጠበቅበታል። የሚያወዳድርበት ቋንቋ ያልተደላደለለት ልጅ፣ ትምህርቱ ገብቶት እንኳ ያልገባው መስሎ ይታያል።

በተለመደው አካሄድ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳውን በሦስት ዐምድ ይከፍልና «ቶል፣ ታለር፣ ታለስት» እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ቃሉ አጭር ከሆነ ከኋላው «ኧር» ይቀጠላል፤ ረጅም ከሆነ ከፊቱ «ሞር» ይገባል፤ በ«ዋይ» የሚያልቅ ከሆነ ዋዩ ወደ «አይ» ይለወጣል፤ «ቢግ» እና «ሆት» የመሳሰሉት የመጨረሻ ፊደላቸውን ይደግማሉ፤ «ጉድ» እና «ባድ» ከደንቡ ውጭ ስለሆኑ በቃል ይጠናሉ። ከዚያ ባዶ ቦታ ሙላ የሚለው መልመጃ ይከተላል። ቅጽሉ በቅንፍ ተቀምጧል፣ ከባዶው ቦታ ቀጥሎም «ዛን» ተጽፏል፤ ለተማሪው የቀረለት ሥራ ቅጽሉን መለወጥ ብቻ ነው። ምን ከምን ጋር እንደሚወዳደር፣ በምን መለኪያ እንደሚመዘን፣ ውጤቱም ለማን ምን እንደሚጠቅም መጽሐፉ አስቀድሞ ወስኖለታል። ሠንጠረዡ ለጀማሪ ተገቢ ነው፤ አስተምሬበታለሁም። መካከለኛ ደረጃ ለደረሰ ተማሪ ያንኑ ሠንጠረዥ በየዓመቱ መልሶ ማቅረብ ግን የሚያውቀውን እየነገሩት የማያውቀውን መዝለል ነው።

የማያውቀው ምንድን ነው? ይህን ለመመለስ መጀመሪያ የራሳችንን ቋንቋ ማየት ያስፈልጋል። በአማርኛ ስናወዳድር ቅጽሉ አይለወጥም፤ ሥራውን የሚሠራው ግሱ ነው። «ወንድሜ ከእኔ ይረዝማል» ስንል ማወዳደሩን የተሸከሙት «ይረዝማል» የሚለው ግስና «ከ» የሚለው መስተዋድድ ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን ግሱ «ኢዝ» ሆኖ ባለበት ይቆማል፣ የሚለወጠው ቅጽሉ ነው። በዚያ ላይ «ከ» ማለት «ከአዘዞ መጣሁ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ መነሻን የሚያሳየው ያው «ከ» ነው። ተማሪያችን መነሻን በእንግሊዝኛ «ፍሮም» ብሎ መግለጽን ቀደም ብሎ ተምሯል። ስለዚህ «ማይ ብራዘር ኢዝ ቶል ፍሮም ሚ» ቢል ሊያስገርመን አይገባም፤ በቋንቋው ሥርዓት አስቦ የተናገረ ልጅ ነው።

ከዚህ ስሕተት ሲመለስ ደግሞ ሌላ ይጠብቀዋል። «ሞር ታለር» ይላል። በአማርኛ «ይበልጥ ረጅም» ወይም «የበለጠ ረጅም» ማለት ትክክል በመሆኑ «ይበልጥ» የሚለውን በ«ሞር» ይተካና፣ መምህሩ አደራ ያለውን «ኧር»ም እንዳይረሳ ከኋላ ይቀጥልበታል። ሁለቱም እያንዳንዳቸው ትክክል የሆኑ ነገሮች ናቸው፤ ስሕተቱ የመጣው አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ ቢያልፈው፣ ተማሪው ከሁለቱ የትኛው እንደተነቀፈበት ሳያውቅ ይቀርና በሚቀጥለው ጊዜ በዕድል ይሞክራል።

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ፈጽሞ መሰማት የለበትም የሚሉ የሥራ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ምክንያታቸውንም አከብራለሁ፤ ተማሪው ከክፍል ውጭ እንግሊዝኛ የሚሰማበት ዕድል ጠባብ ነውና። በዚህ ርእስ ላይ ግን አልስማማም። አማርኛን ከክፍሉ ብናስወጣውም ከልጁ አእምሮ አይወጣም፤ ሳይታይ ዐረፍተ ነገሩን ማዋቀሩን ይቀጥላል። የአማርኛውን ዐረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛው ጎን ጽፎ፣ ማወዳደሩን የተሸከመው የትኛው ቃል እንደሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያሰምሩበት ማድረግ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። «ይረዝማል» በሚለው ሥርና «ታለር» በሚለው ሥር መስመር ሲያሰምሩ፣ አንደኛው ቋንቋ በግሱ፣ ሌላኛው በቅጽሉ እንደሚያወዳድር ማንም ሳይነግራቸው ያዩታል።

ይህን በማታው ክፍል ያየሁትን አንድ ነገር በመጥቀስ ላስረዳ። ተማሪዎቼ አስጎብኚ ለመሆን የሚዘጋጁ፣ በሆቴል እንግዳ መቀበያ የሚሠሩ፣ በመድኃኒት መደብርና በባንክ የሚያገለግሉ ናቸው። የምሰጣቸው ሥራ ቅጽል የለበትም። አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግዳ ጎንደር ገብተዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አውሮፕላናቸው ከሰዓት በኋላ ስለሚነሣ የሚያዩት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ወይስ የፋሲል መዋኛን ይዩ? ሦስቱንም ተማሪዎቹ እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቋቸዋል። አንዱ ወዲያው ተነሥቶ ግቢው «ኢዝ ቤተር» ይላል፤ እኔም «በምን?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ግቢው ሰፊ ነው፣ ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው መሄድ ለታመመ ጉልበት ያደክማል፤ ሥላሴ በጣሪያው ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች እያሉት ቁጭ ብሎ ለመመልከት ይመቻል፤ መዋኛው ዛፍና ጥላ አለው፣ ጸጥታውም ይስባል። መለኪያው ከተገኘ በኋላ ቅጽሉ ራሱ ይመጣል፤ «ኳየተር»፣ «ኢዚየር»፣ «ሞር ታየሪንግ» የሚሉት ቃላት ሊነገር የሚገባው ሐሳብ ስላለ ይፈለጋሉ።

በዚሁ ሥራ ላይ አንዲት ተማሪ በአማርኛ ካዘጋጀችው ማስታወሻ «መዋኛው ከግቢው ይርቃል» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ «ዘ ባዝ ኢዝ ፋር ፍሮም ዘ ካስል» አለች። ከጎኗ የተቀመጠው «ፍሮም አይባልም፣ ዛን ነው» ብሎ ሊያርማት ሞከረ። እርሷም «ፋር ፍሮም ትክክል ነው፣ ከመጽሐፍ አይቻለሁ» አለች። ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ ሁለቱም አልተግባቡም። የአማርኛው ዐረፍተ ነገር ሁለት ነገር ሊሆን ይችላልና፤ መዋኛው ከግቢው ራቅ ብሎ ይገኛል ማለትም ይሆናል፣ እኛ ካለንበት ስንነሣ መዋኛው ከግቢው የበለጠ ሩቅ ነው ማለትም ይሆናል። እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው «ፋር ፍሮም»፣ ለሁለተኛው «ፋርዘር ዛን» ይላል እንጂ ሁለቱን በአንድ አገላለጽ አያስተናግድም። ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ ተከራከረ፤ አንዱ ሰሌዳ ላይ ካርታ ሣለ፤ ሆቴሉን፣ ግቢውንና መዋኛውን በሦስት ነጥብ አስቀምጦ የትኛው ርቀት ከየት እንደሚለካ አሳየ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ክፍል «ከ» ሲመጣ መነሻ ነው ወይስ መወዳደሪያ ብሎ መጠየቅ ልማድ ሆነ። በዚህ ርእስ የማውቀው ትልቁ እርምጃ ይህ ጥያቄ ነው፤ ባዶ ቦታ በመሙላት የሚገኝ አይደለም።

የቤተ መንግሥቶቹ ዘመን ራሱ ብዙ የሚያስወራ ነው። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667፣ የልጅ ልጃቸው አድያም ሰገድ ኢያሱ ከ1682 እስከ 1706 ነግሠዋል፤ ግቢው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1979 ነው፤ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በአንድ ዓመት ይቀድመዋል። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተከፈተው በ1963 ነው። ከእነዚህ ዓመታት ተነሥቶ የትኛው ከየትኛው በስንት ዓመት እንደሚበልጥ መናገር ለአስጎብኚው የሥራው አካል፣ ለተማሪው የታሪክ ትምህርቱ አካል ነው። ከመጽሐፉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የማናውቃቸው ሁለት የውጭ አገር ሰዎች ማን ከማን እንደሚረዝም ከመናገር ይህ እንደሚሻል አልጠራጠርም።

መካከለኛው ደረጃ ከጀማሪው የሚለየው በተለይ በልዩነቱ መጠን ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጀማሪ ይበልጣል ብሎ ያቆማል፤ መካከለኛው በምን ያህል እንደሚበልጥ መናገር አለበት። በአማርኛ «በጣም ረጅም» እና «በጣም ይረዝማል» የሚሉት ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ በእንግሊዝኛ ግን «ቬሪ» ከ«ቶል» ጋር እንጂ ከ«ታለር» ጋር አይሄድም። «ቬሪ ታለር» የሚለው ስሕተት የመጣው ከዚህ ነው። ቦታውን የሚይዙት ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን «ማች»፣ «ፋር» እና «ኤ ሎት»፣ ጠባብ ሲሆን «ኤ ሊትል»፣ «ኤ ቢት» እና «ስላይትሊ» ናቸው። ለዚህ የአካባቢያችን መልክዐ ምድር ይበቃል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ፣ ደባርቅ 2,800 ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ዳር በጥቂቱ፣ ከመተማ ግን እጅግ ይቀዘቅዛል። ቁጥሩ ፊታቸው ስላለ «ስላይትሊ» ያለውን «ማች» ካለው ጋር ማከራከር ይቻላል፤ ሦስት መቶ ሜትር ትንሽ ነው ወይስ ብዙ የሚለው ክርክር ብቻውን ብዙ የሚናገር አፍ ይከፍታል።

ከዚሁ ከአየር ጠባይ ሳንወጣ «የጎንደር አየር ከመተማ ይቀዘቅዛል» የሚለውን እንመልከት። በአማርኛ አየር ከከተማ ጋር መወዳደሩ ለጆሮ አይከብድም። በጥንቃቄ በሚጻፍ እንግሊዝኛ ግን አየር የሚወዳደረው ከአየር ጋር ስለሆነ፣ «ዛን ዛት ኦፍ መተማ» ብሎ «ዛት ኦፍ»ን ማስገባት ያስፈልጋል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን ባያውቅ ችግር የለውም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጥናታዊ ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ግን ሊያውቀው ይገባል።

እኩልነትንና ማነስን ለመግለጽ አማርኛችን ሀብታም ነው። ልጁ አባቱን ያህላል እንላለን፤ ይህ ከዚያ አይተናነስም እንላለን፤ በዕውቀት አይደርስበትም እንላለን። «ያህላል» ወደ «አዝ ቶል አዝ»፣ «አያህልም» ወደ «ኖት አዝ ቶል አዝ» ይወስደናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከአጭር ቅጽል ጋር «ሌስ ቶል» ከማለት «ኖት አዝ ቶል አዝ» ማለትን ይመርጣሉ፤ ይህን የሚነግር ሠንጠረዥ ግን በመጻሕፍቶቻችን እምብዛም አላየሁም። ለሆቴል ሠራተኛ ደግሞ ልዩነቱ ከሰዋስው ያልፋል፤ እንግዳውን «ክፍሉ ከዚያኛው ያንሳል» ከማለት «የዚያኛውን ያህል አይሰፋም፣ ነገር ግን ጸጥ ያለ ነው» ማለት ይበልጥ ጨዋነት አለው።

ከሁሉ የምወደው ግን «በ… ቁጥር» የሚለውን አገላለጽ ነው። ወደ ስሜን በወጣን ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል። የዚህ የእንግሊዝኛ አቻ «ዘ ሃየር ዊ ጎ፣ ዘ ኮልደር ኢት ጌትስ» ነው፤ ተማሪዎች መጽሐፍ ላይ ብቻውን ሲያገኙት ሁለቱም «ዘ» ግራ ያጋባቸዋል። ከአማርኛው ጎን ሲቀመጥ ግን ሐሳቡን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲናገሩት እንደኖሩ ይገነዘቡና የቀራቸው ቅርጹ ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማቆም ያስቸግራል፤ ዝናቡ በዘገየ ቁጥር የጤፍ ዋጋ ይወደዳል፣ በተለማመድን ቁጥር እንፈጥናለን እያሉ የየራሳቸውን ያመጣሉ።

የ«ኧር»ን እና የ«ሞር»ን ደንብ በተመለከተም ለመካከለኛ ተማሪ እውነቱን መናገር ይገባል። በክፍለ ቃል ብዛት የሚሰጠው ደንብ ጥሩ መነሻ ነው፤ ነገር ግን «ክሌቨር»፣ «ሲምፕል» እና «ናሮው» በሁለቱም መንገድ ይወዳደራሉ፤ «ቦርድ» እና «ሮንግ» አጭር ሆነው ሳለ «ሞር»ን ይፈልጋሉ። ተማሪው ይህን በንባብ ሲያገኘው መምህሩ የነገረው ሁሉ የሚፈርስ እንዳይመስለው አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል።

ስለ ድምፅም አንድ ነገር ልበል። በእንግሊዝኛ አነጋገር መጨረሻ ላይ ያለው «ኧር» እና «ዛን» የሚለው ቃል በጣም ደክመው ይነገራሉ። እኛ እያንዳንዱን ክፍለ ቃል እኩል አድርገን ስለምናነብ፣ ተማሪዎቻችን «ቺፕ» እና «ቺፐር» ሲባሉ በጆሯቸው መለየት ያቅታቸዋል። ዋጋ የሚደራደር እንግዳ የቱን እንደጠየቀ ያልሰማ ሠራተኛ ሠንጠረዡን ቢያውቅም አይጠቅመውም። ጥንዶቹን ፈጠን አድርጎ አንብቦ፣ ማወዳደሪያውን ሲሰሙ እጅ ማስነሣት ለጆሮ ጥሩ ልምምድ ነው፤ ወጪም የለበትም።

ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ሁሉ አይሆንም የሚል ተቃውሞ ይቀርብልኛል። ጭንቀቱን እኖረዋለሁና አላቃልለውም። ነገር ግን ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነው እንደሚቀመጡ ልብ እንበል። ለማወዳደር ከዚህ የተመቸ አቀማመጥ የለም፤ ዳርና ዳር ያሉት ሁለት አማራጮችን ይዘው ይከራከራሉ፣ መካከለኛው ሰምቶ ይፈርዳል፣ የፈረደበትንም ምክንያት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። መምህሩ ሁሉንም ማዳመጥ አይችልም፤ የተጻፉትን ፍርዶች ግን ሰብስቦ ማየት ይችላል፤ የሚሰበስበውም የአንድ ዴስክ አንድ ወረቀት ብቻ ስለሆነ ሥራው በሦስት እጅ ይቀልለታል።

ሌላው ተቃውሞ ፈተናን የሚመለከት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ የሚመለስ በመሆኑ ንግግርን አይመዝንም፣ ስለዚህ ተማሪው ቅርጹን ብቻ ቢያውቅ ይበቃዋል ይባላል። ይሁንና በምርጫ ጥያቄ ተማሪውን ለማሳሳት የሚቀርቡት አማራጮች እነዚሁ «ሞር ታለር»፣ «ቬሪ ታለር» እና «ቶል ፍሮም» የመሳሰሉት ናቸው። ለምን ስሕተት እንደሆኑ ከራሱ ቋንቋ ተነሥቶ የተረዳ ልጅ፣ ደንብ ሸምድዶ ከመጣው ይልቅ በእነዚህ አይታለልም።

በመጨረሻ ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችና ለክረምት የመምህራን ሥልጠና አስተባባሪዎች የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። መጽሐፉ ለመላ ሀገሪቱ አንድ ሲሆን፣ የተማሪዎቹ አፍ መፍቻ ቋንቋ ግን አንድ አይደለም። በእኛው ክልል እንኳ በአዊ አውኚ፣ በዋግ ኽምራ ኽምጣና የሚናገሩ ልጆች አሉ፤ ስሕተታቸው ከጎንደሩ አማርኛ ተናጋሪ ስሕተት ጋር አንድ መሆን አለበት ብዬ አልጠብቅም። ስለዚህ የመምህሩ መምሪያ በዚህ ርእስ ሥር ጥቂት ገጾችን ክፍት ትቶ፣ በየአካባቢው ያሉ መምህራን ተማሪዎቻቸው የሚሠሩትን ስሕተት ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ዐረፍተ ነገር ጋር አስተያይተው እንዲሞሉት ቢያደርግ ደስ ይለኛል። ሥልጠናውም ሰዋስው በመከለስ ብቻ ከሚያልቅ፣ መምህራን የተማሪዎቻቸውን እውነተኛ ደብተር ይዘው መጥተው «ይህ ልጅ ይህን ለምን ጻፈ?» ብለው የሚወያዩበት አንድ ቀን ቢኖረው እላለሁ። እኔም በጎንደር ካሉ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር የሰበሰብናቸውን ዐረፍተ ነገሮች ለዚህ ሥራ ለማቅረብ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር
ጎንደር